የክሩዝ ጉዞዎ ሲሰረዝ ወይም ሲቀየር፦ ገንዘቡን ልቀበል፣ ክሬዲት ልያዝ ወይስ ካቢን ላሻሽል?

«ኩባንያው ሦስት ምርጫ ልኮልኛል፤ የቱን ልውሰድ?» የሚለው ጥያቄ ደጋግሞ ይደርሰናል። ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ ከማያሚ፣ ከፎርት ላውደርዴል፣ ከጋልቨስተን ወይም ከባልቲሞር በሚነሳ መርከብ ላይ ካቢን የያዘ ሰው ነው። ጉዞው ተሰርዞበታል፣ ቀኑ ተዛውሮበታል፣ ወይም ካቢኖቹ ከአቅም በላይ ተሽጠው «ቦታ ይልቀቁልን» ተብሏል። ስለዚህ መመሪያው የተጻፈው ከአሜሪካ ወደቦች የሚነሱ ጉዞዎችን ይዞ ነው። በአውሮፓ የሚለየውን በቦታው ጠቁመናል።

አጭሩ መልስ ይህ ነው፦ ሌላ የሚያሳምን ነገር እስካላገኙ ድረስ ገንዘቡን ይውሰዱ። ክሬዲት (ኩባንያው በገንዘብ ፋንታ ለሌላ ጉዞ የሚይዝልዎ ሂሳብ) የሚያዋጣው ቀጣዩን ጉዞ በመርከብና በቀን ለይተው ካወቁት ነው። አፕግሬድ (ወደ ተሻለ ካቢን መዛወር) ደግሞ መሄድዎ የማይቀር ሲሆንና አዲሱን የካቢን ቁጥር አይተው ሲወዱት ብቻ ይያዙ። ከታች ያሉት እርምጃዎች ይህ መልስ ለእርስዎ ይሠራ እንደሆነ በራስዎ ቁጥር ለማየት ናቸው።

በቅድሚያ የሚያስፈልግዎ

- የቡኪንግ ማረጋገጫና ዋጋው በዝርዝር የተጻፈበት ኢንቮይስ። ጠቅላላ ድምሩ ብቻ ያለበት ወረቀት አይበቃም።
- ኩባንያው የላከው ኢሜይል፣ መልስ የሚሰጥበት የመጨረሻ ቀንና ሰዓት የሚታይበት።
- የስረዛ ቅጣት ሰንጠረዥ (በቲኬት ኮንትራቱ ውስጥ አለ)፣ እንዲሁም ዲፖዚትዎ (ካቢኑን ሲይዙ የከፈሉት ቅድመ ክፍያ) ተመላሽ መሆን አለመሆኑ።
- የጉዞ ኢንሹራንስ ገዝተው ከሆነ ሙሉ ውሉ።
- የአውሮፕላን ቲኬት፣ የሆቴልና የፓርኪንግ ደረሰኝ።
- የሁሉም ተጓዦች ፓስፖርት፣ ግሪን ካርድ ወይም ቪዛ፣ ከሚያበቁበት ቀን ጋር።
- የዚያው መርከብ የዛሬ ዋጋና የመርከቡ የወለል ካርታ። ሁለቱም በኩባንያው ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛሉ።

እርምጃ 1፦ ጉዞውን ያበላሸው ማን እንደሆነ ይለዩ

መብትዎን የሚወስነው ይህ ስለሆነ ወደ ስሌት ከመግባትዎ በፊት ይጨርሱት።

*ኩባንያው ሰርዟል፣ ወይም መሳፈሪያውን ሦስት ቀንና ከዚያ በላይ አዘግይቷል።* የአሜሪካ ፌዴራል የባሕር ኮሚሽን 50 እና ከዚያ በላይ ተሳፋሪ የሚያሳድሩና ከአሜሪካ ወደብ ሰው የሚጭኑ መርከቦችን ይቆጣጠራል። ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ደንቡ መሠረት፣ የቀረበለትን ተለዋጭ ጉዞ ያልፈለገ ተሳፋሪ ሙሉ ገንዘቡን የመጠየቅ መብት አለው፤ ክፍያውም ከጠየቀበት ቀን አንስቶ በ60 ቀን ውስጥ መፈጸም አለበት። ክሬዲት እንዲወስዱ ሊያግባቡዎት ይችላሉ፤ ሊያስገድዱዎት ግን አይችሉም። በአውሮፓ ኅብረት አገር ወይም በብሪታንያ ገዝተው ከሆነ የጥቅል ጉዞ ሕጉ ከዚህም የጠበቀ ነው፦ አዘጋጁ ሲሰርዝ ገንዘቡን በ14 ቀን ውስጥ ይመልሳል፣ ቫውቸር የሚሰጠው ተጓዡ ከተስማማ ብቻ ነው።

*መርከቡ ይሄዳል፣ ነገር ግን አንድ ወደብ ተዘሏል ወይም መስመሩ ተቀይሯል።* የቲኬት ኮንትራቱ ይህን ለኩባንያው ስለሚፈቅድ ሙሉ ሪፈንድ (ተመላሽ ገንዘብ) አይጠብቁ። የሚመለሰው የተዘለለው ወደብ ክፍያ ነው፤ እሱም ብዙ ጊዜ መርከብ ላይ በሚወጣ ክሬዲት መልክ ይመጣል።

*መርከቡ ከአቅም በላይ ተሽጧል።* እዚህ እርስዎ የሚለምኑ ሳይሆን የሚለመኑ ነዎት። ኩባንያው «ቀን ይቀይሩልንና ይህን እንስጥዎ» ይላል። ስጦታው የገንዘብ ተመላሽ፣ አፕግሬድ፣ ክሬዲት ወይም የእነዚህ ድብልቅ ሊሆን ይችላል። የተያዘ ካቢንዎን ይዘው «አልፈልግም» ማለትም ይችላሉ። ቅድሚያ የሚሰጠው ፈጥኖ ለመለሰ ስለሆነ በዚህ ጊዜ ስሌቱን በዚያው ቀን ይሥሩት።

*የሚሰርዙት እርስዎ ነዎት።* መብትዎ በቅጣት ሰንጠረዡ ይወሰናል፤ እርምጃ 3ን ይመልከቱ።

*ማንም አልሰረዘም፣ ዋጋው ግን ወርዷል።* የመጨረሻው ክፍያ ቀን (ቀሪው ሂሳብ ተከፍሎ የሚያልቅበት) ካላለፈ ልዩነቱ እንዲቀነስልዎ ይጠይቁ። ካለፈ ግን ገንዘብ እምብዛም አይሰጡም፤ ያኔ የተሻለ ካቢን ወይም የመርከብ ላይ ክሬዲት መጠየቅ ያዋጣል። ከመስማማትዎ በፊት አንድ ነገር ያጣሩ፦ ቡኪንጉ በአዲሱ ዋጋ ሲታሰብ ቀድሞ በፕሮሞሽን ያገኙት የመጠጥ ፓኬጅ ወይም ክሬዲት ሊጠፋ፣ ዲፖዚቱም ወደማይመለስ ዓይነት ሊቀየር ይችላል።

እርምጃ 2፦ የከፈሉትን ይበታትኑ

ጠቅላላ ድምሩን ይርሱትና እነዚህን ለየብቻ ይጻፉ፦ ዋናው የጉዞ ዋጋ፣ ታክስና የወደብ ክፍያ፣ ቀድሞ የተከፈለ ቲፕ፣ በተጨማሪ የተገዙ ነገሮች (የመጠጥ ፓኬጅ፣ ኢንተርኔት፣ የወደብ ሽርሽር)፣ ኢንሹራንስ፣ በመጨረሻም ከኩባንያው ውጪ የተከፈለ አውሮፕላንና ሆቴል።

ይህን የምናደርገው ቅጣት የሚያርፈው በአብዛኛው በዋናው ዋጋ ላይ ስለሆነ ነው። ታክስ፣ የወደብ ክፍያ፣ ቲፕና ያልተጠቀሙባቸው ተጨማሪዎች 100 በመቶ ቅጣት ላይ ቢደርሱም እንኳ ይመለሳሉ። «ጊዜው አልፏል፣ ምንም አይመለስልኝም» ብሎ ሳይሰርዝ የሚቀር ሰው እነዚህን ለኩባንያው ትቶ ይሄዳል። አውሮፕላንና ሆቴልን ደግሞ ለብቻው የገዛ ሰው ከክሩዝ ኩባንያው እንዲመለስለት አይጠብቅ።

እርምጃ 3፦ የቅጣት ቀኖቹን በካላንደር ላይ ያስቀምጡ

5 ሌሊትና ከዚያ በላይ ለሚቆዩ ጉዞዎች በሰፊው የሚሠራበት ሰንጠረዥ የሚከተለውን ይመስላል፤ የእርስዎን ከኮንትራቱ ያመሳክሩ።

- ከመነሻው 90 ቀንና ከዚያ በላይ ሲቀር፦ ቅጣት የለም፣ ወይም የማይመለሰው ዲፖዚት ብቻ ይቀራል
- ከ89 እስከ 75 ቀን፦ 25 በመቶ
- ከ74 እስከ 61 ቀን፦ 50 በመቶ
- ከ60 እስከ 31 ቀን፦ 75 በመቶ
- 30 ቀንና ከዚያ በታች፦ 100 በመቶ

ዋናው ዋጋ 2,400 ዶላር ቢሆን 76 ቀን ሲቀር የሚሰርዝ ሰው 600 ዶላር ይቀጣል። ሁለት ቀን ያመነታ ግን 1,200 ይከፍላል። ሊሰርዙ እያሰቡ ከሆነ ቀጣዩ የቅጣት ደረጃ የሚጀምርበትን ቀን ስልክዎ ላይ ማስታወሻ ያድርጉበት። ቀን ሲያነቡ የአሜሪካ ኢሜይሎች ወርን እንደሚያስቀድሙ አይርሱ፤ 05/06 ማለት ሜይ 6 ነው።

ዲፖዚትዎ የማይመለስ ከሆነ ሁሉም ነገር ጠፋ ማለት አይደለም። አንዳንድ ኩባንያዎች ከመጨረሻው ክፍያ ቀን በፊት ለሚሰርዝ ሰው በአንድ ሰው 100 ዶላር ቀንሰው ቀሪውን ዲፖዚት ለሌላ ጉዞ ክሬዲት ያደርጉለታል።

እርምጃ 4፦ ክሬዲቱን በጥንቃቄ ያንብቡ

ሁለት የተለያዩ ነገሮች «ክሬዲት» ይባላሉ። አንዱ ለወደፊት ጉዞ የሚያገለግል ነው። ሁለተኛው መርከቡ ላይ ብቻ የሚወጣ ሲሆን፣ የማይመለስ ዓይነት ከሆነ የመጨረሻው ሌሊት ሲያልቅ አብሮ ይቃጠላል። ለወደፊት ጉዞ የሆነውን ከመቀበልዎ በፊት ለእነዚህ ጥያቄዎች በጽሑፍ መልስ ያግኙ።

- የሚያበቃው ቀን ቡኪንግ የሚያዝበት ነው ወይስ መርከቡ የሚነሳበት? ልዩነቱ ከአንድ ዓመት ሊበልጥ ይችላል።
- ታክስና የወደብ ክፍያን ይከፍላል? አብዛኞቹ ዋናውን ዋጋ ብቻ ይሸፍናሉ።
- ዲፖዚቱን ይተካል ወይስ ዲፖዚት በካርድ ይጠየቃል?
- የተረፈው ይቀመጣል ወይስ ይጠፋል?
- ወደ ሌላ ሰው ይተላለፋል?
- በክሬዲቱ የያዙትን ጉዞ እንደገና ቢሰርዙ ምን ይሆናል? የተለመደው ክሬዲቱ ከነቀድሞ ማብቂያ ቀኑ መመለሱ ነው።

የመተላለፉ ጉዳይ ለእኛ ቤተሰቦች ከሁሉም በላይ ከባድ ነው። ሪፈንድ የሚመለሰው ለከፈለው ካርድ ነው፤ ክሬዲት ግን በየተጓዡ ስም ይወጣል። አንድ ልጅ ለእናቱ፣ ለአባቱና ለእህቶቹ ከፍሎ ከሆነ ክሬዲት የመረጠ ዕለት ገንዘቡ በአምስት ሰው ስም ተበታተነ ማለት ነው። ከአዲስ አበባ ለጥየቃ የመጡ ወላጆች አገር ቤት ከተመለሱ በኋላ በስማቸው የተቀመጠው ክሬዲት ጊዜው እስኪያልፍ ይቀመጣል እንጂ ማንም አይጠቀምበትም። በእነሱ ስም የተያዘውን በገንዘብ ይቀበሉ። ሌላው ቤተሰብ ክሬዲት ቢፈልግ እንኳ ኩባንያው ለየተጓዡ የተለያየ ምርጫ ይፈቅድ እንደሆነ ይጠይቁ።

እርምጃ 5፦ ስሌቱን ይሥሩ

ጥንዶች ዋና ዋጋ 2,400፣ ታክስና የወደብ ክፍያ 300፣ በጠቅላላው 2,700 ዶላር ከፍለዋል እንበል። ኩባንያው ሰረዘና «ወይ 2,700 ዶላር በሙሉ፣ ወይ የዋናው ዋጋ 125 በመቶ ክሬዲት» አለ። ክሬዲቱ 3,000 ይሆናል፤ ታክሱ 300 በገንዘብ ይመለሳል።

በገንዘብ የሚተዉትን 2,400 ለክሬዲቱ 3,000 ያካፍሉ፦ 0.8 ይመጣል። ትርጉሙ ክሬዲቱን ጊዜው ሳያልፍ የመጠቀም ዕድልዎ ከ80 በመቶ በላይ መሆን አለበት ነው። በሥራ ፈቃድ፣ በትምህርት ቤት ዕረፍትና በጤና ምክንያት 80 በመቶ ቀላል ቁጥር አይደለም።

ቀጥለው ጣሪያውን ያስተካክሉ። ሊይዙት ያሰቡት ቀጣይ ጉዞ ዋና ዋጋው 2,600 ከሆነና የተረፈው የሚጠፋ ከሆነ፣ የ3,000 ክሬዲት ለእርስዎ 2,600 ብቻ ነው። 2,400 ለ2,600 ሲካፈል 0.92 ይሆናል፤ በተግባር «ተቆርጦ የተያዘ ጉዞ ከሌለኝ አልቀበልም» ማለት ነው። 100 በመቶ ክሬዲትና 100 በመቶ ገንዘብ ጎን ለጎን ከቀረቡ ደግሞ ካልኩሌተር አያስፈልግም።

የሚሰርዙት እርስዎ ሲሆኑ ስሌቱ ይገለበጣል። በ25 በመቶ ቅጣት ከ2,400 የሚመለሰው 1,800 ነው። ኩባንያው በምትኩ ሙሉ 2,400 ክሬዲት ከሰጠ ማመዛዘኛው ወደ 75 በመቶ ይወርዳል። በ75 በመቶ ቅጣት የሚመለሰው 600 ብቻ ስለሚሆን ሙሉ ክሬዲት 25 በመቶ የመጠቀም ዕድል ቢኖረው እንኳ ያዋጣል። ቅጣቱ 100 በመቶ ከደረሰ የሚተዉት ገንዘብ የለምና ማንኛውንም ክሬዲት ይቀበሉ።

አፕግሬድን በኩባንያው የዋጋ ልዩነት አይመዝኑት። ውስጠኛ (መስኮት የሌለው) ካቢንና በረንዳ ያለው ካቢን በዝርዝሩ ላይ 700 ዶላር ቢራራቁም፣ ከራስዎ ኪስ ለዚያ በረንዳ ከ250 በላይ የማይከፍሉ ከሆነ ስጦታው ለእርስዎ 250 ነው። ቀን ቀይሩ ተብለው ከሆነ ከዚህ ላይ የአውሮፕላን ለውጥ፣ የሆቴልና የሥራ ፈቃድ ወጪን ይቀንሱ። ብዙ ኩባንያዎች የአውሮፕላን ለውጥ ክፍያን እስከ ተወሰነ ጣሪያ ይሸፍናሉ፤ ጣሪያው ለአንድ ሰው ይሁን ለካቢኑ በሙሉ ይጠይቁ።

ኢንሹራንስ ካለዎት ክሬዲት ከመቀበልዎ በፊት ይደውሉላቸው። «በማንኛውም ምክንያት መሰረዝ» የሚለውን ተጨማሪ ሽፋን የገዛ ሰው ከማይመለሰው ወጪ ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 75 በመቶ በገንዘብ ያገኛል፤ ቅድመ ሁኔታው ሽፋኑን ከመጀመሪያው ክፍያ በኋላ በ14 ወይም በ21 ቀን ውስጥ መግዛትና ከመነሻው ቢያንስ 48 ሰዓት ቀድሞ መሰረዝ ነው። ክሬዲት አስቀድመው ከተቀበሉ ግን ኢንሹራንሱ «ተክሰዋል» ብሎ ሊቀንስብዎ ወይም ሊከለክልዎ ይችላል። ከክሩዝ ኩባንያው ራሱ የሚገዛው ጥበቃም ለብዙ ምክንያቶች የሚከፍለው በክሬዲት መሆኑን ልብ ይበሉ።

እርምጃ 6፦ አፕግሬድ ከሆነ ካቢኑን በካርታ ላይ ያግኙት

«በረንዳ ያለው ካቢን» የሚል ቃል አይበቃም፤ ቁጥሩን ይጠይቁና የወለል ካርታውን ይክፈቱ።

ከላይና ከታች ያሉትን ወለሎች ይመልከቱ። ከመዋኛ ገንዳው ወለል ሥር ያለ ካቢን ገና ሳይነጋ የወንበር ጉተታ ይሰማበታል። ከቲያትር ወይም ከጭፈራ ቤት በላይ ያለው ደግሞ እስከ እኩለ ሌሊት ይነዘራል። የባሕር ሕመም ያለበት ሰው ከላይኛው ወለል የፊት ስዊት (ሰፊና ውድ ካቢን) ይልቅ መሐል ላይ ያለ ዝቅተኛ ውስጠኛ ካቢን ይሻለዋል፤ መርከቡ የሚወዛወዘው ጫፎቹና ላይኛው ላይ ስለሆነ ነው። የሕይወት አድን ጀልባ መስኮቱን ይከልል እንደሆነ፣ ከጎረቤት ካቢን ጋር የሚያገናኝ በር እንዳለው (ድምፅ ያሳልፋል)፣ ለሦስተኛና ለአራተኛ ሰው አልጋ መኖሩንም ያጣሩ። አረጋውያን ወላጆች አብረው ካሉ አሳንሰር ቅርብ መሆኑና ካቢኖቻችሁ ጎን ለጎን መቅረታቸው ከበረንዳ ይበልጣል።

በጨረታ የሚሰጥ አፕግሬድ ሌላ ጠባይ አለው። የሚያስገቡት ዋጋ ለአንድ ሰው ነው፤ ሲጸድቅ ለሁለት ይባዛል። ለብቻው የሚጓዝም የሁለት ሰው ሊከፍል ይችላል። ካቢኑን አይመርጡም፣ ገንዘቡ ከካርድዎ ከተቆረጠም በኋላ አይመለስም። የታማኝነት ነጥብ ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው ቀድሞ በያዙት ካቢን ደረጃ ነው። ወደ ስዊት ከወጡ የየዕለቱ ቲፕም ከፍ ይላል።

እርምጃ 7፦ በጽሑፍ ይጠይቁ፣ ከዚያ ይምረጡ

መጀመሪያ የቀረበው የመጨረሻው ላይሆን ይችላል፤ በተለይ መርከቡ ከአቅም በላይ ተሽጦ እርስዎን ሲለምኑ። በስልክ ቢነጋገሩም በኢሜይል ያረጋግጡ። መልእክቱ የቡኪንግ ቁጥሩን፣ የተጓዦቹን ስም፣ የመረጡትን አማራጭ በኢሜይላቸው ላይ በተጻፈበት ቃል፣ የሚጠብቁትን የገንዘብ መጠን በዶላርና መልስ የሚፈልጉበትን ቀን ይያዝ። በኤጀንት የገዙ ከሆነ ኩባንያው ከእርስዎ ጋር ላይነጋገር ይችላል፤ ኤጀንቱ በዚያው ቀን እንዲልክና ቅጂውን እንዲሰጥዎ ያድርጉ። ምርጫውን ሲጫኑ የሚወጣውን ገጽ በፎቶ ያስቀሩ።

መልስ ካልሰጡ ምን እንደሚሆንም ያንብቡ። አንዳንድ ኢሜይሎች ዝም ያለን ሰው በራሳቸው ወደ ተለዋጭ ጉዞ ወይም ወደ ክሬዲት ያዛውራሉ።

እርምጃ 8፦ ገንዘቡ እስኪገባ ይከታተሉ

ዲፖዚትና ቀሪውን በተለያየ ጊዜ ከከፈሉ ሪፈንዱም ተቆራርጦ ይመጣልና እያንዳንዱን ከኢንቮይሱ ጋር ያመሳክሩ። የከፈሉበት ካርድ ከተዘጋ ባንኩን አስቀድመው ያሳውቁ። ኩባንያው ካልከፈለ የፌዴራል የባሕር ኮሚሽን የተገልጋዮች ክፍል በነፃ ያግዛል። በካርድ ክፍያ ላይ መቃወሚያ ለማስገባት የአሜሪካ ሕግ የሚሰጠው 60 ቀን የሚቆጠረው ክፍያው ከታየበት የባንክ መግለጫ ጀምሮ ስለሆነ ኩባንያውን ሲጠብቁ ሊያልፍዎ ይችላል። በመጀመሪያው ሳምንት ለካርድ ሰጪው ደውለው የእርስዎን የመጨረሻ ቀን ይጠይቁ።

ማስጠንቀቂያ

- ክሬዲት ወይም አፕግሬድ «ተቀብያለሁ» ብለው ከተጫኑ በኋላ ወደ ገንዘብ መመለስ አብዛኛውን ጊዜ አይቻልም። የባንክ መቃወሚያዎም ይዳከማል።
- ተለዋጩ ጉዞ ሌላ አገር የሚነካ ከሆነ ከመቀበልዎ በፊት ቪዛ ያጣሩ። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ሰው ግሪን ካርድ ቢኖረውም ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል። በአሜሪካ ቪዛ ለጉብኝት የመጣ ሰው ቪዛው ዳግም መግባትን ይፈቅድ እንደሆነ፣ የጥገኝነት ጉዳዩ በሂደት ላይ ያለ ደግሞ ከአገር መውጣቱ ምን እንደሚያስከትል ጠበቃውን ይጠይቅ። በሰነድ ጉድለት ከመሳፈሪያው የተመለሰ ሰው ገንዘቡ አይመለስለትም።
- «ሪፈንድዎን እናስፈጽማለን» ብሎ ለሚደውል ሰው የካርድ ቁጥር አይስጡ። ኩባንያው የሚመልሰው ወደተከፈለበት ካርድ ስለሆነ ቁጥሩን እንደገና አይጠይቅም።

በብዛት የሚታዩ ስህተቶች

*የአውሮፕላን ቲኬቱን ቀድሞ መሰረዝ።* የክሩዙ ምርጫ በጽሑፍ እስኪጸድቅ አይንኩት፤ ኩባንያው የለውጡን ክፍያ ሊሸፍን የሚችለው ደረሰኝና ማስረጃ ካለ ነው።

*ከካቢኑ አንድ ሰው ብቻ መሰረዝ።* የቀረው ተጓዥ እንደ ብቸኛ ተቆጥሮ እስከ ሁለት ሰው ዋጋ ሊጠየቅ ይችላል። መጀመሪያ በሚሰርዘው ሰው ምትክ ሌላ ስም ማስገባት ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ።

*የመርከብ ላይ ክሬዲትን እንደ ገንዘብ መቁጠር።* 300 ዶላር ክሬዲት ቲፕና ኢንተርኔት ከከፈለልዎ 300 ነው፤ አለበለዚያ የማያስፈልግዎን ነገር የሚያስገዛ ኩፖን ነው። ከጉዞው በፊት ቀድመው ያልከፈሉትን ነገር በእሱ ለመክፈል ያቅዱ።

*በቡድን የተያዘን ጉዞ ለየብቻ መወሰን።* ለሠርግ ወይም ለምርቃት በአንድ ቡድን ውል የተያዙ ካቢኖች ቁጥራቸው ከተወሰነው ሲወርድ የቡድን ቅናሹ ለቀሩትም ሊጠፋ ይችላል። የቡድኑን ውል የያዘው ሰው ዝቅተኛውን የካቢን ብዛት ካጣራ በኋላ እያንዳንዱ ቤተሰብ መልሱን ይላክ።